ከተደፋው ሳህን ሥር

ሐሙስ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የዐስር ሰላት አዛን ሊባል ጥቂት ሲቀረው። ያለነው መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር፣ የአሠሪዬ የማዳም እናት ቤት ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጋደም ብሏል። እኔ ጣሪያ ላይ የደረቀውን ልብስ ሰብስቤ ወደ ወጥ ቤት ስገባ፣ የሩዝ ማጠቢያው ሳፋ እስከ አፉ በውሃ ተሞልቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የዳክዬው ጫጩት ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። አንገቱ ግን ወደ ታች ነው።

ልብሱን የት እንደጣልኩት አላስታውስም።

ዳክዬው ወደ ቤቱ የገባው ጅዳ ሳለን ነው። ባባ፣ ማለትም የማዳም ባልና እኔን ያስመጣኝ አሠሪ፣ እዚያ «ከፊል» የሚሉት፣ ከወፍ ገበያ በተበሳሳ ካርቶን ለትንሿ ልጁ አመጣላት። ልጅቷ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ካርቶኑ ሳሎን መሐል ሲቀመጥ ሁሉም ሊያበላው ተሻማ። ማዳም ሩዝ ሰጠችው፣ ባባ ደረቅ ዳቦ ፈረፈረለት፣ ልጅቷ የድንች ጥብስ ከከረጢቱ አወጣችለት። ዳቦውን በደረቁ ሲውጥ ጉሮሮው ላይ ቀረበትና አንገቱን እየወዘወዘ ወደ ኋላ ወደቀ። ውሃ በማንኪያ ጠብ አድርጌ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኔ ሆነ። እንዲህ ነው እዚያ ቤት ሥራ የሚሰጠው፤ አንድ ጊዜ ከነካሽው ያንቺ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው፤ ስለ ዳክዬ የማውቀው ነገር አልነበረም። የእኛ አገር ሰው ዳክዬን የሚያውቀው ከሩቅ፣ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ቤት የምናረባው ዶሮ ነው። ስለዚህ ሥራ ስጨርስ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። የጫጩት መኖ ለብ ባለ ውሃ አርሼ፣ የእንቁላል አስኳል ፈርፍሬበት፣ ሰላጣ ልክ እንደ ጎመን በስሱ ከትፌ አቀርብለት ነበር። ሲበላ አጠገቡ ውሃ ከሌለ ይታነቃል፤ ስለዚህ ምንቃሩን እስከ አፍንጫው የሚነክርበት ውሃ ያስፈልገዋል። ገላው ግን መግባት የለበትም። እናት የሌለው ጫጩት ለስላሳ ላባው ውሃ ይጠጣል፤ ቅባቱን ከላባዋ የምታካፍለው እናቱ ናት። ሰው ይህን አያውቅም። ዳክዬ ከሆነ ከተፈለፈለ ጀምሮ ዋናተኛ ይመስለዋል። ለልጅቷ ነገርኳት፤ ለማዳምም ነገርኳት።

ቤቱ በሙሉ ኤሲ ስለሆነ ብርድ ነው። ኤሲ የሌለው ክፍል የልብስ ማጠቢያው ክፍል ብቻ ነበር፤ እኔም የምተኛው እዚያ ነው። ካርቶኑን ከፍራሼ አጠገብ አደረግሁት፣ የጠረጴዛ መብራት ከላይ አንጠለጠልኩለት። መጀመሪያ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፌ ነበር፤ እግሩ እየተንሸራተተ ወደ ጎንና ጎን ሲከፈት አይቼ በአሮጌ ፎጣ ቀየርኩት።

በሳምንቱ ጥላዬ ሆነ። ወለል ስወለውል ከመወልወያው ኋላ ጠፍ ጠፍ እያለ ይመጣል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ ቤት እስኪናጋ ይጮሃል። ማዳም ትስቅብኝ ነበር።

«ወለድሽ አይደል? አባቱን ንገሪን እንጂ!»

እኔ ቀና ሳልል ወለሌን እወለውላለሁ። ልጅቷ ግን ነገሩ አላስደሰታትም። ዳክዬው የእሷ ነው። ትጠራዋለች፣ አይመጣም። ታነሳዋለች፣ ከእጇ ተንሸራቶ ወደ ቀሚሴ ጫፍ ይሮጣል።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን መካ እንሄዳለን ተባለ። ልጅቷ ዳክዬዬን ትቼ አልሄድም ብላ አለቀሰችና ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ ተጓዝኩ። እኔ በውስጤ ደስታዬ ሌላ ነበር። ጅዳ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጬ ካዕባ ያለበትን መስጊድ፣ ሐረምን፣ አላየሁም። ዓርብ ጠዋት እንሄዳለን ብላኛለች ማዳም። ሐሙስን እንደምንም መግፋት ነበር የቀረኝ።

እና ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያ ሳፋ።

ሳነሳው እንደ እርጥብ ካልሲ ነው። እግሮቹ ተንጠለጠሉ። ዓይኑን ነጣ ያለ ነገር ጋርዶታል። ዘቅዝቄ ውሃ ከምንቃሩ አፈሰስኩ፣ በፎጣ ጠቀለልኩት፣ አሸሁት፣ እፍ አልኩበት። ምንም የለም።

ከዚያ ያደረግሁትን በእኛ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጫጩት ውሃ ውስጥ ሲወድቅ፣ ወይም ሰው ሳያየው ሲረግጠው፣ ደርቆ ቢቀርም ወዲያው አይጣልም። ደረቅ ጨርቅ ላይ ይጋደምና ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳው በእንጨት ቀስ እያለ ይመታል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይመጣም፤ ጣሳው ይነሳና ጫጩቱ ይቀበራል። አንዳንዴ ግን ከውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ይሰማና እኛ ልጆቹ እንጨፍራለን። ለምን እንደሚነቃ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ጨለማው ይሁን፣ ሙቀቱ፣ ወይስ ድምፁ አስደንግጦት፣ ወይስ ከመጀመሪያውም አልሞተ፣ እንጃ። ያን ሰዓት ይህን አላሰብኩም። እጄ በራሱ ጊዜ የብረቱን ጎድጓዳ ሳህን ከመደርደሪያው አወረደ። ፎጣው ላይ አጋደምኩት፣ ሳህኑን ደፋሁበት፣ ተንበርክኬ በእንጨት ማማሰያ መምታት ጀመርኩ። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። አፌም ዝም አላለም።

«አይዞህ… አይዞህ፣ ተነስ… ቢስሚላህ፣ ተነስ…»

ልጅቷ ታብሌቷን እንደያዘች ከሳሎን መጣች።

«ዋና እያስተማርኩት ነበር» አለችኝ። «ደከመው እንዴ?»

መምታቴን ቀጠልኩ።

«ሞተ?»

«እንጃ።»

«ምን እያደረግሽው ነው?»

«እየቀሰቀስኩት።»

ትንሽ አሰበች። «እኔም ልምታ?» አለችና ማንኪያ አምጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። እሷ የምትለው በአረብኛ፣ እኔ የምለው በአማርኛ፣ ሁለታችንም ሳህኑን እንመታለን።

ማማ ከቢራ በሩ ላይ የደረሰችው በዚህ ሰዓት ነው። የማዳምን እናት የምንጠራት እንደዚያ ነው። ለውዱእ ልትታጠብ ተነስታ እጅጌዋን ሰብስባለች። ያየችውን አሁን በእሷ ዓይን ሳየው እኔም እፈራለሁ፤ ከሌላ አገር የመጣች ዝምተኛ ልጅ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ በማይገባ ቋንቋ እያነበነበች፣ የተደፋ ሳህን ትደልቃለች፣ የልጅ ልጇም አብራ ትደልቃለች።

«እሽ ሃዳ? ምንድን ነው ይሄ?»

ልጅቷ በደስታ ዘለለች። «ማማ ከቢራ! ሞቶ ነበር፤ እያስነሳችው ነው!»

እናም ምናለ ትንሽ ቢዘገይ፣ ልክ በዚያው ቅጽበት ከሳህኑ ሥር «ጭው» አለ።

እንደዚያ የጓጓሁለትን ድምፅ እንደዚያ ደንግጬበት አላውቅም።

«አዑዙ ቢላህ!» ማማ ከቢራ የልጅቷን ክንድ ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተቻት። ማንኪያው ወለሉ ላይ ተንቀጫቀጨ። ማዳም ፀጉሯን ሳትሰበስብ፣ ባባም ዓይኑን እያሻሸ ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ። ሁላችንም ቆመን የተደፋ ሳህን እናያለን። ውስጥ ያለው ይጮሃል። ማንም አይነካውም። እኔ እጄን ስዘረጋ ማማ ከቢራ «አትንኪው!» ብላ ጮኸችብኝ።

«ይታፈናል» አልኩ። 

በመጨረሻ ባባ ሳህኑን በእግሩ ጣት ገለበጠው። ዳክዬው ተንገዳግዶ ተነሳ። ላባው ተጣብቆ አጥንቱ ብቻ ይታያል። በባባ እግር አጠገብ አለፈ፣ እጇን የዘረጋችለትን ልጅ አልፎ ሄደ፣ መጥቶ እግሬ ላይ ዘፍ አለ።

«አያችሁ?» አለች ማማ ከቢራ፣ በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ታዝዟታል።»

ከዚያም ቃሉን ተናገረችው። ሲህር፤ አስማት ማለት ነው።

ይህ ቃል በዚያ አገር ስድብ አይደለም፤ ክስ ነው። የአገሬ ልጆች በስልክ ስናወራ እንኳ ድምፃችንን ቀንሰን ነው የምናነሳው።  ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ሳሎን ወሰዱኝ። ማማ ከቢራ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆምኩ። ዳክዬውን ባባ በካርቶን ይዞ መታጠቢያ ቤት ቆልፎበት ተመልሷል።

«ምን ነበር የምትደግሚው?»

«ቢስሚላህ።»

«ከቢስሚላህ በኋላ ያለውን ነው የምጠይቅሽ! የሐበሻውን!»

«አይዞህ።»

«አይዞህ ማነው?»

«ማንም አይደለም። አትፍራ ማለት ነው።»

«ማነው የማይፈራው?»

«ዳክዬው።»

ባባ በአፍንጫው ሳቅ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። ማማ ከቢራ ዞራ አየችው፤ ሳሉም ቆመ።

ልናገር ይገባኝ ነበር። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ስማር እጄን አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን እያወቅሁ አቀርቅሬ የምቀመጥ ሰው ነኝ። አረብኛዬም የወጥ ቤት አረብኛ ነው። ሽንኩርት፣ መጥረጊያ፣ ካውያ፣ ሃዲር፣ ማለትም እሺ። ሰው ራሱን የሚያድንበት ቃል አልተማርኩበትም። ዝምታዬ ደግሞ ነገሩን አባሰው። «እዩዋት፣ ለመካድ እንኳ አልሞከረችም» አለች ማማ ከቢራ።

ቦርሳዬን አስመጣችና ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችው። ነጠላዬ፣ መስገጃዬ፣ የስልክ ገመድ፣ የውስጥ ልብሴ። ባባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ለዚያ አንድ ነገር አመሰግነዋለሁ። ከታች በላስቲክ የተቋጠረ ቀይ ዱቄት ወጣ።

«ይህስ?»

«በርበሬ ነው ማማ፣ ለወጥ ነው» አለች ማዳም በእኔ ፈንታ።

ማማ ከቢራ አላመነችም። ከፍታ አሸተተችው፤ ከዚያ ማስነጠስ ጀመረች፤ ማስነጠሷ አላቆም ብሎ ልጅቷ በሳቅ ተንፈራፈረች። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን «በአፍንጫዋ አስገባችው፣ አሁን ደግሞ ልትታመም ነው፣ ያም በእኔ ሊሆን ነው» ነበር የማስበው።

ውሃ እንዳመጣ ተላክሁ። ማዳም ተከትላኝ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ለምንድን ነው የማትናገሪው? ተናገሪ እንጂ! ምን እያደረግሽ ነበር?»

«በእኛ አገር ጫጩት እንዲህ ሲሆን…» ብዬ ጀመርኩ፤ ሳህኑን፣ እንጨቱን፣ ሁሉንም በተሰባበረ አረብኛ ነገርኳት። ከእኔ ጋር ከኖረችበት ጊዜ ሁሉ በላይ ያን ዕለት ሰማችኝ። ሲያበቃ ግንባሯን ያዘች።

«ይህን እናቴ ፊት እንዳትደግሚው።»

«እውነቱ ግን ይሄ ነው።»

«እሱማ ነው። 'በእኛ አገር' ስትዪ እኮ ነው እሷ የምትፈራው።»

 የነበረኝ መከላከያ ያ ብቻ ነበር። ሌላም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ፤ እስካሁንም ሳስበው ይቀዘቅዘኛል። ዳክዬው ሞቶ ቢቀር ኖሮ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እኔም «ለምን አልጠበቅሽውም» ተብዬ እወቀሳለሁ፣ በቃ። አደጋ ላይ የጣለኝ መዳኑ ነው።

ባባ ከመግሪብ ሰላት ሲመለስ ማማ ከቢራ ፍርዷን ይዛ ጠበቀችው፤ ፖሊስ ይጠራ። እሱ ለፖሊስ መደወሉ እስከ ነገ ይቆይ እያለ ሲለምናት ሰምቻለሁ። «ይቆይ» አለች። «ነገ ከፈጅር፣ ከንጋት ሰላት በኋላ፣ እኔ ራሴ ሐረም እወስዳታለሁ። ንጹሕ ከሆነች ከእኔ ጋር ካዕባን ትዞራለች። ካልሆነች እዚያ በር ላይ እግሯ ይያዛል፤ ያኔ ትደውላለህ።»

ማዳም አየችኝ።  ዳክዬውን እንዳልነካ ታዘዝኩ። ከመታጠቢያ ቤቱ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ አልፎ አልፎ ብቻ፤ ከዚያ ዝም አለ። ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዓርብ ጠዋት በሚስፈላ መንገድ ወጣን። የሽቶና የመስገጃ ሱቆቹ ገና መከፈታቸው ነው። ማዳም ከኋላ ትከተለናለች። ማማ ከቢራ ቀኝ አንጓዬን ይዛዋለች፤ ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፣ ግን አጥንት ይነካሉ። ከሩቅ ያየን ሰው ልጅ እናቷን የምትመራ ይመስለዋል። የሐረሙ በር ላይ ስንደርስ ቆም አለችና እግሬን አየች። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ በቀኝ እግሬ ገባሁ። እግሬ አልተያዘም። ቢሆንም መያዝ አለመያዙን እኔም ከእሷ እኩል አየሁት፤ ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል፣ በራሴ ላይ እኔንም ምስክር አድርጎኝ ነበር።

ካዕባን መጀመሪያ ስታዪ የምትለምኚው ዱዓ ተቀባይነት አለው ይባላል። ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ለእናቴ ጤና፣ ለታናናሾቼ፣ ለራሴም። ዓምዶቹን አልፈን ጥቁሩ ጨርቅ ድንገት ፊቴ ሲቆም አንዱም አልመጣልኝም። ፊቴን ወደ ጎን ሳዞር ማማ ከቢራ ካዕባን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። «ያ ረቢ፣ እንድታምነኝ አድርጋት» አልኩ። ለስንት ነገር ያስቀመጥኩትን ዱዓ በዚህ ጨረስኩት።

ጠዋፉን፣ ካዕባን ሰባት ጊዜ መዞሩን፣ ጀመርን። ሰው ብዙ ነው፤ ትከሻ ከትከሻ ይጋፋል። መጀመሪያ እኔን ጎትታ የምታዞረኝ እሷ ነበረች። እየቆየ ጉልበቷ ያስቸግራት ጀመር። እርምጃዋ አጠረ፣ ትንፋሿ ከበደ፣ አንጓዬን የያዘው እጅ ቀስ በቀስ ክብደቱን እላዬ ላይ ጣለ። አንድ ረጅም ሰውዬ ገፋ አድርጓት ሲያልፍ ልትወድቅ ነበር፤ ሁለቱን ክንዶቿን ይዤ አቆምኳት። ከዚያ ወዲያ የምትዞረው እኔን ተደግፋ ነው። ምን እንደምትል ሰማሁ፤ ለጉልበቷ ነበር የምትለምነው።

ስንጨርስ ማዳም የዘምዘም ውሃ በብርጭቆ አመጣች። ማማ ከቢራ ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ይወርድልኝ እንደሆነ ስውጥ ጉሮሮዬን አየችው። ግማሹን ጠጥቼ መለስኩላት። ብርጭቆውን አዞረችው። ከዚያ እኔ በጠጣሁበት በኩል የቀረውን ጠጣችው።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች። «ያላ፣ ቤት።»

ይቅርታ አልነበረም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እጄ ተለቋል፤ ይህ በቂዬ ነበር። ወደ ቤት ስንወርድ ክንዴን ፈለገች፤ አንጓዬ ያበጠ ስለነበር ግራዬን ሰጠኋት።

ቤት ስንገባ የመታጠቢያ ቤቱን በር የከፈተችው ራሷ ናት። ካርቶኑ ተጋድሟል። ዳክዬው ከባልዲው ጀርባ ተሸጉጦ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆሟል። «አብዪው» አለችኝና ወደ ክፍሏ ገባች።

መኖውን በለብታ ውሃ አራስኩ። አስኳል ፈረፈርኩበት፣ ሰላጣ ከተፍኩ፣ የመጠጫውን ውሃ ለካሁ። ከዚያ ልጅቷን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ፎጣ አንጥፌ አስቀመጥኳትና የመኖውን ሳህን እጇ ላይ አኖርኩላት። ዳክዬውን ፊቷ ካስቀመጥኩት በኋላ፣ ከእኔ ሌላ ሰው እንዲለምድ፣ ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።

ወዲያው መጮህ ጀመረ። በሩ ድረስ መጣ፤ በምንቃሩ ከሥር ይነካካዋል።

«አንቺን ነው የሚፈልገው! ነይ!» አለች ልጅቷ ከውስጥ።

«እጅሽን ዘርጊና ዝም በይ» አልኳት። «አትጥሪው። ይርበውና ይመጣል።»

ማማ ከቢራ በኮሪደሩ ስታልፍ በሩን ተደግፌ ቆሜ አየችኝ። ጩኸቱንም ሰማች። እኔም አልከፈትኩም። እየቆየ ድምፁ ሳሳ፣ ከበሩ ራቀ። ከዚያ ምንቃሩ ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።

«በላ! ከእጄ በላ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

እኔ የቁርሱን ዕቃ ለመሰብሰብ ወደ ሳሎን ሄድኩ።